«የትኛው አገር ይሻላል?» ከማለት በፊት

ከጥምቀት ማግሥት አንዲት የመሐል ሜዳ ልጅ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ጉንጯ ገና ከጠዋቱ ውርጭ አልተላቀቀም። በላስቲክ ፋይል የያዘቻቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ካናዳ ይሻላል ወይስ ጀርመን?» ስትል ጠየቀችኝ። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበርና ከዓለም ከተማ ከመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚለወጠው የአገሩ ስም ብቻ ነው። እኔም ከመመለሴ በፊት የምጠይቃቸው ነገር አይለወጥም፦ የምትሄዱት 12ኛ ክፍልን ጨርሳችሁ ነው ወይስ ዲግሪ ይዛችሁ? ወጪውን ማን ይችላል? በምን ቋንቋ ትማራላችሁ? ከምርቃት በኋላ የት መሥራት ታስባላችሁ? እነዚህ በእውነት ከተመለሱ የአገሩ ስም አብሮ ይመጣል። አስቀድሞ የአገር ስም የመረጠ ሰው ግን እነዚሁን ጥያቄዎች ኤምባሲ ደጃፍ ላይ፣ ገንዘቡና ጊዜው ካለቀ በኋላ ይጋፈጣቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩን በዚህ ቅደም ተከተል ላስረዳ። የውጭ አገር ሕጎች የወጡባቸውን ዓመታት ስጠቅስ በእነርሱ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ከ12ኛ ክፍል ወይስ ከዲግሪ በኋላ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት የብዙ ቤተሰብን ቅስም ሰበረ፤ «እዚህ ካልተሳካለት ውጭ ይሞክር» የሚለው ሐሳብም ከዚያ ወዲህ በየቤቱ በረታ። የወላጅ ጭንቀት የወለደው ሐሳብ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ መሠረቱ ግን የተሳሳተ ነው። ዕውቅና ያለው የውጭ ዩኒቨርሲቲም የሚያየው ያንኑ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ነው፤ እዚህ ያላስገባ ውጤት እዚያም በአብዛኛው አያስገባም። ውጤት ሳያይ ገንዘብ ብቻ አይቶ የሚቀበል ኮሌጅ ከተገኘ ደግሞ፣ የሚሰጠው ዲግሪ በኋላ በየትኛው መሥሪያ ቤት ተቀባይነት እንደሚኖረው ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል።

ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪም ቢሆን ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። አንደኛው የአቻነት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ጀርመን የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት አብዛኛውን ጊዜ ለቀጥታ መግቢያ በቂ አድርጋ አትቀበልም፤ ተማሪው «ሽቱዲየንኮሌግ» የሚባለውን የአንድ ዓመት መሰናዶ ተከታትሎ የማጠቃለያ ፈተናውን እንዲያልፍ ትጠይቃለች፤ ወደ መሰናዶው ለመግባትም አስቀድሞ ጀርመንኛ መማር ያስፈልጋል። አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተወሰነ ዓመት ያጠናቀቀ ተማሪ ግን በዚያው የትምህርት መስክ በቀጥታ የሚገባበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው እንቅፋት የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታወቀው በአዲስ ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱን ማመልከቻ ከዘጉ ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ያን ዓመት ቤት ተቀምጦ ከማሳለፍ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ የተመደቡበት ግቢ ገብቶ መማር ይሻላል።

ከዚህ የሚለዩ ተማሪዎች አሉ፤ ስለ እነርሱ ዝም ማለት አይገባም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ኮሌጅ የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ ቤተሰቡ የመክፈል አቅም አለው ወይስ የለውም የሚለውን ከግምት አያስገቡም፤ ከተቀበሉት በኋላም ቤተሰቡ የማይችለውን ወጪ በሙሉ ይሸፍናሉ። የሚቀበሉት ከአመልካቹ እጅግ ጥቂቱን ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሆነና የመምህራን ደብዳቤ፣ ድርሰትና የፈተና ዝግጅት ስለሚጠይቅ፣ ተማሪው 12ኛ ክፍል ከመድረሱ በፊት መንገዱን ማወቅ አለበት። በየወረዳው እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው መምህራን ይህን በ10ኛ ወይም በ11ኛ ክፍል እንዲነግሩት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከማትሪክ በኋላ የሚነገር ከሆነ ለዚያ ዓመት አልፏል።

ለቀረነው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የመጀመሪያውን ዲግሪ አገር ቤት ተምሮ ለማስተርስ መውጣት የተሻለው መንገድ ነው። ሙሉ ወጪ የሚችሉት የነጻ ትምህርት ዕድሎች ብዛታቸው በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የትምህርት ዘርፎችም በአውሮፓ የሚበዙት በማስተርስ ነው። ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ደግሞ ሌላ በር ይከፈትለታል፤ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የሆነው ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጣቸው የማስተርስ ዕድሎችም እንዲሁ ነው። መንዝ ጤና ጣቢያ ወይም ባሶና ወራና ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተሠራ ሁለት ዓመት በእነዚህ ማመልከቻዎች ላይ እውነተኛ ክብደት አለው።

ወጪውን ማን ይችላል

«ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» ሲባል ሰምተን ይሆናል። አባባሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ የሚያስከፍሉት በየሴሚስተሩ አነስተኛ የአገልግሎት መዋጮ ነው። ነገር ግን ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ማስከፈል ጀምሯል። ከዚህም በላይ የሚከብደው የትምህርት ክፍያው ሳይሆን የኑሮ ማስረጃው ነው። ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚሆን 11,904 ዩሮ «ብሎክድ አካውንት» በሚባል ሒሳብ ውስጥ አስቀምጦ ማሳየት አለበት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የተጉለት አባት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ልጁ ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ መቀበያ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ቤተሰቡ በደስታ ሰክሯል። ዩሮውን በ150 ብር አስበን ወረቀት ላይ ስናባዛው 1,785,600 ብር መጣ። አባትየው ቁጥሩን ጥቂት ጊዜ አይተውት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለእነሱ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። አለመሆኑን አስረዳኋቸው፦ ገንዘቡ የልጁ ነው፤ ባንኩ የሚያደርገው በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ መያዝ ነው፤ ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል፣ ከዚያ ላይ የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና በወር ወደ 140 ዩሮ የሚጠጋውን የጤና መድን ይከፍላል። አንገታቸውን ነቅንቀው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው?» አሉ። ሁለት ዓመት ነው አልኳቸው። «እንግዲያ የሁለተኛው ዓመትስ?»

ብዙ የተማረ ሰው የማይጠይቀውን ጥያቄ ነበር የጠየቁት። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ተማሪው ለቀጣዩ ጊዜ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው እንደገና ያሳያል። የተማሪ ሥራ አለ፤ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ትፈቅዳለች። ነገር ግን ቋንቋ የማያውቅ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ላያገኝ ይችላል፤ ገና ያልተገኘን ሥራ ተማምኖ የሚወጣ ዕቅድም ዕቅድ አይባልም። ልጁ ያን ዓመት አልሄደም። ደብዳቤውን በክብር አስቀምጦ፣ በቀጣዩ ዓመት ከነኑሮው ለሚችሉ የነጻ ትምህርት ዕድሎች ማመልከት ጀመረ፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም የቤተሰቡ አማራጭ መሬትና ከብት መሸጥ ነበርና።

ሌሎቹም አገሮች በስሌታቸው ይለያዩ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው። ካናዳ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚመጣ አመልካች ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያና ከጉዞ ወጪው ሌላ ለኑሮ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ተማሪው ትምህርት ላይ ባለበት ጊዜ ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት መሥራት ይችላል። እንግሊዝ የኑሮው ገንዘብ በባንክ ሒሳብ ውስጥ ሳይነካ 28 ተከታታይ ቀን መቆየቱን ትመረምራለች፤ በዚያ ላይ ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ በቅድሚያ ታስከፍላለች። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን «አይ-ትዌንቲ» የሚባል ቅጽ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ይፈለጋል፤ 350 ዶላር ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያና 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ክፍያም አሉ፣ ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻ ክፍያው አይመለስም።

በእኛ አካባቢ በዚህ ጊዜ የሚሰማው ቃል «አክስቴ ሜሪላንድ አለች» የሚለው ነው። የዘመድ ፍቅር ትልቅ ሀብት ነው፤ ቆንስላው የሚያየው ግን የባንክ ስቴትመንትና የገቢ ማስረጃ ነው። አክስቲቱ ለስንት ዓመት፣ በየሴሚስተሩ ስንት፣ የራሷን የቤት ዕዳና የልጆቿን ወጪ ችላ መክፈል እንደምትችል በግልጽ፣ በአክብሮት፣ ከማመልከቻው በፊት ይጠየቅ። ይህን ጥያቄ በይሉኝታ ያለፉ ቤተሰቦች ልጃቸው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ክፍያ አቅቶት ሲቸገር አይቻለሁ፤ ትምህርቱ ሲቋረጥ ቪዛውም አብሮ ይቋረጣል፣ ዝምድናውም ይሻክራል።

ብሩም በቦታው አይቆምም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብር ያጠራቀመ ቤተሰብ ስሌቱን ሲሠራ ዛሬ ባለው ምንዛሪ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ባለ ግምት ይሥራ።

የውጭዎቹ ሕጎችም እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ኖርዌይ ለሁሉም ነጻ የነበረውን ትምህርት ከ2023 መጸው ጀምሮ ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ በክፍያ አድርጋዋለች፤ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 ቀድመዋታል። ካናዳ የኑሮ ማስረጃውን እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ 10,000 ዶላር አድርጋ ቆይታ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ወደ 20,635 አሳድጋዋለች። እንግሊዝ ከጥር 2024 ጀምሮ አብዛኛው የማስተርስ ተማሪ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ እንዳይመጣ ከልክላለች። ከሦስት ዓመት በፊት የሄደ የጎረቤት ልጅ በቅንነት የሚሰጠው ምክር ዛሬ ስሕተት ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው፤ የእርሱን ምክር ሰምቶ ቁጥሩን ግን ከዩኒቨርሲቲውና ከኤምባሲው ገጽ በራስ ዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ከተማም አንድ ቃል። ሙኒክና ላይፕሲግ ሁለቱም ጀርመን ውስጥ ናቸው፤ የቤት ኪራያቸው ግን የአዲስ አበባንና የደብረ ብርሃንን ያህል ይራራቃል። ከፋይ ለሌለው ተማሪ አገር ከመምረጥ ይልቅ ከተማ መምረጥ የበለጠ ያድነዋል።

ስኮላርሺፕ ራሱ አገር ይመርጣል

የሰሜን ሸዋ ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። ተጉለት የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል፤ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። አገሩን ግን እርሳቸው አልመረጡትም፤ የተከፈተላቸው በር የሩሲያ ነበር። በስኮላርሺፕ ለሚማር ሰው ነገሩ ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቀም፦ መጀመሪያ የሚታየው ከፋዩ ያለበት አገር ነው።

ታዲያ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ በውስጡ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የትምህርት ክፍያውን ችሎ ለጉዞውም ለኑሮውም በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ተማሪው ሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ አገሮች እየተዘዋወረ ስለሚማር «የትኛው አገር» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀርለታል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የትምህርት ክፍያና ማደሪያ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪና ለማስተርስ ተማሪ በወር የሚሰጠው ግን 43,700 ፎሪንት፣ ማለትም ከ100 ዩሮ ብዙም ያልበለጠ ነው፤ በዚህ ብቻ ቡዳፔስት ላይ መኖር አይቻልም፣ ቤተሰብ በየወሩ መደጎሙ ወይም ተማሪው መሥራቱ የማይቀር ነው። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ከማደሪያ ጋር ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,500፣ ለማስተርስ 3,000 ዩዋን በወር ይሰጣል። ቱርክ ከማደሪያና ከጤና መድን ጋር የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ጨምራ ትሰጣለች፤ ማመልከቻዋም ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ክፍት ነው። ጣሊያን ደግሞ ለብዙ የእኛ ልጆች የሚስማማ የተለየ አሠራር አላት፤ የክልል መንግሥታቱ የሚሰጡት ድጎማ በዋናነት የቤተሰብን ገቢ መሠረት ስለሚያደርግ አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ ተጠቃሚ የመሆን ዕድል አለው። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ፦ ገንዘቡ ተማሪው እንደ ደረሰ ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው የሚከፈለው፤ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነ ክሬዲት ካልሞላም ሊቋረጥበት፣ የወሰደውንም እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

አፍሪካን የሚዘሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ይህ ያሳዝነኛል። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩንና በአልጄሪያ ባሉት ተቋማቱ ማስተርስና ዶክትሬት በነጻ ያስተምራል። ለሒሳብና ለስታቲስቲክስ ምሩቃንም የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋል፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ ማስተርስ ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ተማሪዎች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ለዶክትሬት ሲያመለክቱ የምርምር ልምድ ይዘው ነው።

ደላላን በተመለከተ አጭር ነገር ልናገር። የሃንጋሪውም ሆነ የቱርኩ ስኮላርሺፕ የማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ ማንም ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው ራሱ ሊሞላው ይችላል። «ስኮላርሺፑን አስጨርስልሃለሁ» ብሎ የሚያስከፍል ሰው ተማሪው በነጻ የሚያገኘውን ነው የሚሸጥለት። አንድ ተማሪዬ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የአባቱን የበግ ሽያጭ ገንዘብ ከፍሎ፣ የተሞላለት ቅጽ የልደት ቀኑን እንኳ አዛብቶ አግኝቶታል፤ የይለፍ ቃሉም በደላላው እጅ ስለነበር ማረም አልቻለም።

ቋንቋ

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ማለት ኑሮው በእንግሊዝኛ ነው ማለት አይደለም። ሱቁ፣ ሐኪም ቤቱ፣ የቤት ኪራይ ውሉና የትርፍ ጊዜ ሥራው በአገሬው ቋንቋ ነው። ይህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ሕክምና ለሚማር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጀመረ የሕክምና ትምህርት ተማሪው ሆስፒታል ገብቶ ሕመምተኛ ማነጋገር ሲጀምር የአገሩን ቋንቋ ይጠይቃል፤ ተመርቆ ሲመለስም ሆነ ሌላ አገር ሲሄድ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። ሕግ የሚማር ሰውም የሚማረው የዚያን አገር ሕግ መሆኑን ያስብ። ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒውተር ሳይንስ ይህ ያን ያህል አያሰጋም።

የእንግሊዝኛ ብቃት ማስረጃ፣ አይኤልትስም ሆነ ቶፍል፣ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ በመሆኑ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አጽፎ ማቅረብን በፈተናው ምትክ የሚቀበሉ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ከመፈተን በፊት ይጠየቅ።

የአየር ጠባይንም የሚጠይቁኝ አሉ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የለመደ ሰው ብርዱን ይችለዋል፤ የሚፈትነው ጨለማው ነው። ሄልሲንኪ ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ከስድስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው፤ ብቻውን ለሚኖር ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የአገር ልጅም የሚገኝበትን ከተማ መምረጥ እንደ ድክመት አይቆጠር።

ወረቀቱ

ወደ መሐል ሜዳዋ ልጅ ልመለስ። ካናዳና ጀርመንን ለጊዜው ትተን ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ጎን ለጎን አስቀመጥን። አባቷ ኃይለ ማርያም ይባላሉ። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ተጽፏል፤ ፓስፖርቷም ላይ እንዲሁ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዋና ትራንስክሪፕቷ ላይ ግን ሁለት ቃል ሆኖ ተለያይቷል። እኛ ስናየው ምንም ልዩነት የለውም። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ግን «ማርያም» የሚለውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ሊወስደውና ሁለቱን ሰነዶች የሁለት ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ በሚሉ ስሞች የተሞላ አካባቢ ስለሆንን ይህ ችግር ከማንም በላይ የእኛ ነው።

የልደት ቀኗም ሌላ ጉድለት ነበረበት። የተወለደችው ጥቅምት 10 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ ይህ በእነርሱ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 2001 ይሆናል። አንዱ ወረቀት ላይ ግን 2002 ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው የሠራው ስሕተት የተለመደ ነው፦ ስምንት ዓመት ደምሯል። ስምንት የሚደመረው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ሰው ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለተወለደ የሚደመረው ሰባት ነው። አንድ ዓመት የማይገጥም የልደት ዘመን የቪዛ መኮንንን ጥርጣሬ ለመቀስቀስ ይበቃል።

መፍትሔው ሁሉንም ሰነድ ወደ ፓስፖርቱ ማምጣት ነው። ፋይዳው፣ የልደት ሰርተፊኬቱ፣ ትራንስክሪፕቱና ዲግሪው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለባቸው። የሚታረመው ደግሞ ሰነዱ ከመረጋገጡ በፊት ነው፤ በትምህርት መሥሪያ ቤቱና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ካለፈ፣ ከተተረጎመና ኤምባሲ ከደረሰ በኋላ የተገኘ ስሕተት ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ለዚህ ሥራ ብቻ ሦስት ወር ቢያዝ አይበዛም።

ከምርቃት ማግሥት

ቪዛ ሲጠየቅ የሚነገረውና በልብ ያለው እንዳይጣረሱ አገሩ ለተመራቂ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ አመልካችን፣ እንደማይመለስ አስቀድሞ ገምቶ፣ ተመላሽ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ብዙ ልጆች የሚከለከሉት በዚህ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ያንን ትምህርት ለምን እንደመረጡና እዚህ ተመልሰው ምን እንደሚሠሩበት በራሳቸው ቃል መናገር የሚችሉ ልጆች፣ መልስ ሸምድደው ከሚገቡት ይልቅ ይደመጣሉ። ለተመራቂው ግን አሜሪካ የ12 ወር የሥራ ልምምድ ትፈቅዳለች፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ መስኮች ለተመረቀም 24 ወር ትጨምራለች። ጀርመን ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች። ካናዳ እንደ ትምህርቱ ርዝመትና ዓይነት እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የሥራ ፈቃድ አላት። ቺቭኒንግ ግን የተማረው ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል።

መመለስ ለሚያስብም አንድ ሥራ አለ። በውጭ የተገኘ ዲግሪ እዚህ ለሥራ የሚያገለግለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ከሰጠው በኋላ ነው። ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ዕውቅና በዚያው አገር የትምህርት ሚኒስቴር በኩል አረጋግጦ፣ ባለሥልጣኑንም ቢጠይቅ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ልጅቱ የተመረቀችው በስታቲስቲክስ ነው፤ ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ከፋይ የላትም፤ ጀርመንኛም ፈረንሳይኛም አታውቅም። ይህን ሁሉ ካነጋገርን በኋላ ከኢራስመስ ሙንዱስ ሁለት የትምህርት ዘርፎችን፣ ከአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም አንዱን መረጥን፤ ቀነ ገደባቸውን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን ወረቀት ላይ አሰፈርነው። የመሐል ሜዳው መኪና ሊወጣ ሲል ወረቀቱን አጥፋ ፋይሏ ውስጥ ስታስገባ አየሁት። ከላይ፣ ከቀኖቹ ሁሉ በፊት፣ በትልቁ የጻፈችው «ሬጅስትራር፦ ኃይለማርያም አንድ ቃል» የሚል ነበር።